የሳንባ ካንሰርና ሌዘር፦ አባቴን የሚያሰጋቸው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስኳመስ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸው ጨረር ወስደዋል። አሁን ዕጢው የቀኝ ሳንባቸውን ዋና ቱቦ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የሚያክሟቸው ሐኪም ባንኮክ ሄደው በሌዘር እንዲከፈትላቸው ጻፉልን። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ልባቸው ላይ ስቴንት (የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ተደርጎላቸው ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳሉ። ስኳርም አለባቸው። ኢንተርኔት ላይ በዚህ ሕክምና ደም ፈሷቸው የሞቱ እንዳሉ አነበብኩ። ለአባቴ አደጋውን የሚያባብሰው የትኛው ነው? ትንሽ እስኪጠነክሩ ብንጠብቅስ አይሻልም?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድማለሁ፤ ቀን የሚቆጠርበት እሱ ነውና።

ብንጠብቅ አይሻልም ወይ ላልሽው፣ አይሻልም። ዋና የአየር ቱቦው የተዘጋበት ሰው በመጠበቅ አይጠነክርም። ከመዘጊያው በስተኋላ ያለው የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ይኮማተራል። አክታው መውጫ አጥቶ ይመግላል። ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው ምግብ ይተዋል፤ ክብደቱ ይወርዳል፤ ቀስ በቀስ ከአልጋ መውረድም ያቅተዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ያፍነውና በሩጫ ሆስፒታል ይገባል። በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌዘርና በቀጠሮ የሚሠራ ሌዘር አንድ አይደሉም። መሣሪያው ያው ነው፣ ሐኪሙም ያው ሊሆን ይችላል፣ አደጋው ግን ይለያያል። ለዚህ ሕክምና ከተጠኑት የአደጋ ምክንያቶች ሁሉ ቤተሰብ በእጁ ሊለውጠው የሚችለው ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ በድንገተኛ ሳይሆን በቀጠሮ እንዲሠራ ማድረግ።

ሌላም የጊዜ ጉዳይ አለ። ተኮማትሮ የከረመ ሳንባ ቱቦው ቢከፈትለትም ተመልሶ ላይነፋ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች እንደ መመሪያ የሚይዙት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያለውን ጊዜ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ አደጋው ግን እንዳለ ይቆያል። እኛ አገር ደግሞ የሳንባ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽተኛው እዚህ ደረጃ ሲደርስ የባከነ ጊዜ አብሮት አለ። የቦርድ ወረቀቱ፣ ቪዛው፣ ምንዛሪው የራሳቸውን ሳምንት ይበላሉ። ስለዚህ የሕክምናውን ዝግጅት ከወረቀቱ ጎን ለጎን አሁኑኑ ጀምሩት። ምን ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ሌዘሩ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ሌዘሩ ካንሰሩን አያድንም። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ሥራው የተዘጋውን መንገድ መክፈት ነው። ትንፋሽ ይመለሳል፣ ደም መትፋት ካለ ይቆማል፣ ለኬሞ ወይም ለሌላ ሕክምና አቅም ይገኛል። በሽተኛው ተኝቶ በአፉ በኩል ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ እስከ አየር ቧንቧው ይገባል። ጠንካራው ብሮንኮስኮፕ የሚባለው ነው። በእሱ ውስጥ ካሜራ፣ መምጠጫና ቀጭን የሌዘር ፋይበር ያልፋሉ። በብዛት የሚሠራበት ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው። ይህን ሕክምና በሰፊው ያስለመዱት የፈረንሳይ ማርሴይ ከተማው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ዱሞን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1984 የጥንቃቄ መርሆዎቹን ጽፈው አወጡ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራባቸዋል።

የዚህን ሌዘር ጠባይ ማወቅ አደጋውን ለመረዳት ይረዳል። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1,064 ናኖሜትር ነው። በዓይን አይታይም፤ ሐኪሙ የሚያየው አብሮ የሚላክ ቀይ የማነጣጠሪያ ብርሃን ነው። ጨረሩ ወደ ሥጋ ውስጥ በርካታ ሚሊሜትር ዘልቆ ይገባል። ላይ ላዩን ትንሽ ነጣ ያለ ቦታ ከሥሩ ብዙ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ደም በማርጋት ጎበዝ የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው። ግድግዳ ሊበሳ የሚችለውም በዚሁ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ሐኪም ጨረሩን ወደ ቱቦው ግድግዳ ቀጥ አድርጎ አይተኩስም፤ ከግድግዳው ጎን ለጎን ያስኬደዋል። ዕጢውንም በሙሉ በሌዘር አይጨርሰውም። ደሙን ካረጋ በኋላ በድኑን በብረት ቱቦው ጫፍ ልጦ ያወጣዋል።

ስንት ሰው ላይ ችግር ይደርሳል? እኔ ብዙ የምደገፍበት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ መዝገብ ነው። በ15 ማዕከሎች በ947 ሕሙማን ላይ የተሠሩ 1,115 ሕክምናዎችን ይዟል። ሌዘር ብቻ ሳይሆን በካንሰር የተዘጋ ዋና የአየር ቱቦን በብሮንኮስኮፒ ለመክፈት የሚያገለግሉ ሌሎች ዘዴዎችም አሉበት። ችግር የገጠመው በ3.9 በመቶው ላይ ነው። በችግሩ ምክንያት ሞት የደረሰው በ0.5 በመቶው ነው፤ ከሁለት መቶ አንድ ማለት ነው። ያነበብሽው ውሸት አይደለም። ሰው በዚህ ሕክምና ሊሞት ይችላል። ብዙኃኑ ግን ያለ ከባድ ችግር ይወጣል፤ ቱቦውን መክፈት የተቻለውም ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ በሚሆኑት ላይ ነው።

ከአማካዩ ይልቅ ሌላ ቁጥር ላይ እንድታተኩሪ እፈልጋለሁ። የችግሩ መጠን ከማዕከል ማዕከል ከ0.9 እስከ 11.7 በመቶ ይለያይ ነበር። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ከፊሉ የሕሙማኑ ሁኔታ መለያየት ነው፤ ከፊሉ ግን የአሠራር ልዩነት ነው። ከዚያ ሁሉ መረጃ ውስጥ ከችግር ጋር ተያይዘው የወጡት አራት ናቸው፦ በአስቸኳይ ወይም በድንገተኛ መሠራቱ፣ የበሽተኛው አጠቃላይ ጤና በጣም የተጎዳ መሆኑ፣ ተመሳሳይ ሕክምና ቀድሞ ተደርጎለት አሁን የሚደገም መሆኑ፣ እና በሙሉ ማደንዘዣ ሳይሆን ግማሽ በሚያስተኛ መድኃኒት መሠራቱ።

የመጀመሪያውን ተናግሬያለሁ። ሦስተኛው አባትሽን ለጊዜው አይመለከታቸውም፤ ወደፊት ይደገም ቢባል ግን አስታውሺው። ዕጢው ተመልሶ ሲያድግ ግድግዳው ቀድሞ የተቃጠለና የሳሳ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

እኛ ዘንድ ሙሉ ማደንዘዣ በጣም ይፈራል። «ሳይነቁ እንዳይቀሩ ብለን ነው፣ በትንሹ ብቻ አስተኝተው ይሥሩላቸው» የሚል ልመና ከቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ግማሽ የተኛ ሰው ያስላል፣ ይንቀሳቀሳል። ደም ከመጣ ለማፈን የሚሞክረው ሐኪም በሚያስል ቱቦ ውስጥ ነው የሚሠራው። በሙሉ ማደንዘዣና በጠንካራው ብሮንኮስኮፕ ሲሆን አየሩም መንገዱም በሐኪሞቹ እጅ ነው። ሰፊ መምጠጫ ይገባል፣ የሚደማውን ቦታ በብረቱ ጎን ተጭኖ መያዝ ይቻላል፣ ሳንባውም በመሣሪያ ይነፋል። ጥናቱ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ያወዳደረ ስላልሆነ የመጨረሻ ፍርድ ነው አልልም። ግን ከሥራው ባሕርይ ጋር ይስማማል። የማደንዘዣ ሐኪሙ ሙሉ ማደንዘዣ ይሻላል ካሉ አትከራከሩ።

ሁለተኛውን፣ የአጠቃላይ ጤናውን ነገር፣ የማደንዘዣ ሐኪሞች በደረጃ ይለኩታል። ሦስተኛ ደረጃ ከባድ በሽታ ያለበት ሰው ነው። አራተኛ ደረጃ በሽታው ሁልጊዜ ሕይወቱን የሚያሰጋው ነው። አደጋው ከፍ ብሎ የታየው ከሦስተኛው በላይ ያሉት ላይ ነው። አባትሽ ከጻፍሽልኝ ስገምት በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ናቸው። ወዴት እንደሚያዘነብሉ የሚወስነው ልባቸው ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ይሠራላቸው። ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ደርሳችሁ ከባዶ አትጀምሩ።

አሁን ወደ ሌዘሩ የራሱ አደጋ እንግባ። የመጀመሪያው እሳት ነው። አየር ቧንቧ ውስጥ ሙቀት አለ፤ የሚቃጠል ነገር አለ፤ ኦክስጅን ደግሞ የሚያቀጣጥል ነው። ማራገቢያ ከሰል ላይ የሚያደርገውን ኦክስጅን እዚያ ቱቦ ውስጥ ያደርጋል። ስለዚህ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ሌዘር በሚተኮስበት ጊዜ የሚሰጠው ኦክስጅን ከ40 በመቶ በታች መሆን አለበት። ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ለመተኮስ ሲዘጋጅ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይናገራል። ኦክስጅኑ ይቀነሳል። ቁጥሩ መውረዱ እስኪረጋገጥ ይጠበቃል። ከዚያ ግማሽ ሰከንድ ወይም አንድ ሰከንድ የሚቆዩ አጫጭር ተኩሶች ይተኮሳሉ፤ ጭሱ ወዲያው ይመጠጣል። የደም ኦክስጅን የሚያሳየው የጣት መለኪያ መውረድ ከጀመረ ሌዘሩ ይቆማል፣ ኦክስጅኑ ይጨመራል፣ በሽተኛው እስኪያገግም ይጠበቃል። እንደገና ይቀነሳል፣ እንደገና ይተኮሳል።

እዚህ ላይ የአባትሽ ሳንባ ወሳኝ ይሆናል። ኦክስጅን ሲቀነስበት ወዲያው የሚወርድ ሰው ለሌዘር ጊዜ አይሰጥም። ሐኪሙ በሁለት አደጋ መካከል ይገባል፦ ኦክስጅን ቢጨምር እሳቱን ይፈራል፣ ቢቀንስ ልቡንና አእምሮውን። ለዚህ ነው ቤት ሆነው ያለ ኦክስጅን መቆየት የማይችሉ ሰዎች ለሌዘር የሚከብዱት። እንዲህ ዓይነት በሽተኛ ሲገጥም የማያቃጥሉ መንገዶች አሉ። ዕጢውን በብረቱ ጫፍ ልጦ ማውጣት ወይም በቅዝቃዜ አጣብቆ መንቀል ይቻላል። ኤሌክትሪክና አርጎን ጋዝም ያገለግላሉ፤ እነሱ ግን ሙቀት ስላላቸው የኦክስጅኑ ደንብ ለእነሱም ይሠራል። ቀድሞ የተቀመጠ የሲሊኮን ስቴንት ወይም የፕላስቲክ መተንፈሻ ቱቦ ካለም ይቃጠላል። የአባትሽ ስቴንት ልብ ላይ ያለ ነው፤ ያ ከዚህ እሳት ጋር አይገናኝም። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው።

ሁለተኛው አንቺ የፈራሽው ደም ነው። ዕጢው ራሱ የሚያደማው ደም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። የሚገድለው ግድግዳው ተበስቶ ከኋላው ያለ ትልቅ የደም ቧንቧ ሲነካ ነው። ስለዚህ ዕጢው ያለበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው። በቀኝ በኩል ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ከዋናው የአየር ቱቦ ፊት ለፊት ያልፋል። በግራ በኩል ያው ዓይነት ቧንቧ ከላይ ጠምዝዞ ይወርዳል፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧም በላዩ ያልፋል። ጉሮሮ፣ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ፣ ደግሞ ከአየር ቧንቧውና ከግራው ዋና ቱቦ ጀርባ ነው። እዚያ ከተበሳ የሚበላው ምግብ ወደ ሳንባ መግባት ይጀምራል። የአባትሽ ዕጢ በቀኝ ዋና ቱቦ ስለሆነ ሐኪሞቹ አጥብቀው የሚያዩት ከፊት ያለውን የደም ቧንቧ ነው። ይህን የሚያሳየው በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ዕጢው የደም ቧንቧውን ነክቷል ወይስ አልነካም?

ጨረር መውሰዳቸው አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። ጨረር ያረፈበት ግድግዳ ደም የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ይሳሳል፣ ሲጎዳ ቶሎ አይድንም። ዕጢው የት አብቅቶ ጤነኛው ግድግዳ የት እንደሚጀምር ለዓይን ለመለየትም ያስቸግራል። ሌዘሩ አይሆንም ማለት አይደለም። ጨረሩ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አበቃ፣ ስንት ጊዜ ተሰጠ፣ ደረት ላይ የት አረፈ የሚለው በጽሑፍ ይድረሳቸው ማለት ነው። ጨረር የሰጠው ክፍል ይህን ማጠቃለያ ይሰጣችኋል፤ ጠይቁ።

የካንሰር መድኃኒትም ወስደው ከሆነ ስሙን ጻፉ። በተለይ ቤቫሲዙማብ የሚባል አለ። ደም ያስመጣል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ፊስቱላም (በሁለት ቧንቧዎች መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ያመጣል። ከቀጠሮ ቀዶ ሕክምና በፊት ቢያንስ 28 ቀን እንዲቆም የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ይላል። ለአባትሽ ዓይነት ካንሰር በተለምዶ አይሰጥም፤ ቢሆንም ወረቀቱን እዩ። ኬሞ ከሆነ ደግሞ ደም የሚያረጉት የፕሌትሌት ሕዋሳት ቁጥር ከሕክምናው በፊት መታየት አለበት። ብዙ ቦታ ከ50,000 በታች ከሆነ አይሠራም ወይም መጀመሪያ ፕሌትሌት ይሰጣል። የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይታይ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም በደንብ አይረጋም።

አሁን ወደ ክሎፒዶግሬሉ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል ሊገድል ይችላል። እየወሰዱ ቢሠራ መድማቱ ይብሳል። ያለ ምክር በድንገት ቢያቆሙት የልባቸው ስቴንት በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል፤ ያ ደግሞ የልብ ድካም ሳይሆን በሰዓታት የሚገድል የልብ ጥቃት ነው። የተለመደው አሠራር ክሎፒዶግሬልን ከሕክምናው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በፊት አቁሞ አስፕሪኑን መቀጠል ነው። መድኃኒት የተቀባ የልብ ስቴንት ያለው ሰው ሁለቱን አብሮ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ዓመት ተኩል ላይ የአባትሽ የልብ ሐኪም «ይቁም» የማለታቸው ዕድል ጥሩ ነው። ግን ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ የእኔም፣ የአንቺም፣ የፋርማሲውም አይደለም። የስቴንቱን ካርድ ይዘሽ ሂጂና በጽሑፍ ተቀበዪ፦ በየትኛው ቀን ይቁም፣ በየትኛው ቀን ይጀመር። ባንኮክ ደርሳችሁ ከሆነ የምትነግሯቸው አምስት ሰባት ቀን ሆቴል ተቀምጣችሁ ልትጠብቁ ነው። ከዚያ የባሰው ረስታችሁ ሳትነግሯቸው መቅረት ነው። ዋርፋሪን ወይም አዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ካሉም እንደዚሁ። ቤት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የበዛበት መድኃኒትም ካለ ተናገሩ። እንደ ተራ ነገር አትለፉት።

ሦስተኛው ነገር ዕጢው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የሚጫን የሚለው ነው። ሌዘር የሚጠቅመው ቱቦው ውስጥ የበቀለ ዕጢ ላይ ነው። ዕጢው ከውጭ ቱቦውን ጨምቆት ከሆነ ሌዘሩ የሚያቃጥለው ጤነኛውን ግድግዳ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ስቴንት ነው የሚቀመጠው። የተቀላቀለ ከሆነ የውስጡ ተጠርጎ ስቴንት ይከተላል። ከመዘጊያው በስተኋላ ያለው ሳንባም መኖሩ መታየት አለበት። ወደዚያ የሚሄደው የደም ቧንቧ በካንሰሩ ታንቆ ከሆነ አየር ቢገባም ደም ስለማይደርስ ትንፋሹ አይሻሻልም። አደጋውን ተሸክሞ ጥቅሙን ማጣት ነው። ጥሩ ሐኪም እዚህ ጊዜ «አልሠራም» ይላል። ይህን የሚላችሁ ሐኪም ካጋጠማችሁ ተስፋ ያስቆረጠን ነው ብላችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ከመዘጊያው ኋላ የተጠራቀመው መግልም አደጋ አለው። ቱቦው የተከፈተ ጊዜ መግሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል። በፍጥነት ካልተመጠጠ ወደ ጤነኛው ሳንባ ይፈሳል። ያኔ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ትኩሳት ይከተላል፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። አባትሽ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሚሸት አክታ ካላቸው ጉዞው ሳይጀመር እዚሁ ፀረ ባክቴሪያ ይጀመርላቸው። ስኳራቸውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለ ስኳር ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። እብጠት ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን ዓይነት መድኃኒት ከተሰጣቸው ስኳሩ ይዘላል። የስኳር መለኪያውን ያዙ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለኩ። አሁንም የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬ ያቁሙ።

አንድ ከባድ ቁጥር አለ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። በዚያው መዝገብ ከሕክምናው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያረፉት 14.8 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብታገኚው ሌዘሩ ከሰባት ሰው አንዱን ይገድላል ብለሽ ትደነግጫለሽ። አይደለም። በሕክምናው ችግር የሞቱት ያልኩሽ 0.5 በመቶ ናቸው። የቀሩትን ባብዛኛው የወሰዳቸው ካንሰሩ ራሱ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከመሞት ጋር ከተያያዙት ዋና ዋናዎቹ ሰውየው ከሕክምናው በፊት የነበረው አቅም፣ የማደንዘዣ ደረጃው ከሦስተኛ በላይ መሆኑና ስቴንት መቀመጡ ናቸው። ስቴንት የሚቀመጥላቸው ብዙውን ጊዜ በሽታቸው የገፋ ነው። አቅም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርሽ። አባትሽ ራሳቸው ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? ከቀኑ ሰዓት ከግማሽ በላይ ከአልጋ ውጭ ናቸው? እነዚህን ዛሬ የሚያደርጉ ከሆነ ዛሬ ያለው አቅም ከሚመጣው ወር ይሻላል። ሙሉ ቀን አልጋ ላይ ከሆኑ ደግሞ ጉዞው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ከልጆቹ አልፎ ከራሳቸው ጋር ቁጭ ተብሎ የሚወራበት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ በሽተኛው በሽታውን ሳያውቅ አውሮፕላን ላይ ይወጣል። እባክሽ አባትሽ የሚሄዱበትን ይወቁ፤ የሚሸከሙት እሳቸው ናቸውና።

ሆስፒታሉን ምን እንጠይቅ ትይኝ ይሆናል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው። ጠንካራውን ብሮንኮስኮፕ ትጠቀማላችሁ? በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ሕክምና ትሠራላችሁ? ደም ቢመጣ የደረት ቀዶ ሐኪም እዚያው አለ? የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ይያዝልናል? ከሌዘር ሌላ የቅዝቃዜ መሣሪያና ስቴንት አላችሁ? ሌዘር ብቻ ያለው ቦታ ሁሉንም ነገር በሌዘር መሥራት ይቀናዋል። ሲቲ ስካኑን በወረቀት ሳይሆን በሲዲ ወይም በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ላኩ። ሐኪሙ ምስሉን በራሱ ዓይን ማየት አለበት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እንዳትረሺ፦ የትኛው ሌዘር ነው? አንዳንድ ቦታ «ሌዘር» ሲሉ የብርሃን መድኃኒት ማለታቸው ሊሆን ይችላል። በዚህኛው መጀመሪያ ፖርፊመር የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ በ630 ናኖሜትር ቀይ ጨረር ይበራል። ከዚያ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ የሞተውን ሥጋ ለመጥረግ እንደገና ብሮንኮስኮፒ ይሠራል። ለአፋጣኝ መታፈን አይሆንም፤ መጀመሪያ ያሳብጣልና። ዕጢው ትልቅ የደም ቧንቧ ውስጥ ከገባ ወይም ወደ ጉሮሮ ፊስቱላ ካለ ጨርሶ አይደረግም። ቢያንስ ለ30 ቀን ቆዳና ዓይን ብርሃን አይችሉም። ተራ የጸሐይ ክሬም አያድንም፤ የሚጎዳው የሚታየው ብርሃን ነውና። በእኛ ደጋ ጸሐይ ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው ክፉኛ ይቃጠላል።

ከሕክምናው በኋላስ? የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የተቃጠለው ቦታ ያብጣል። ትንፋሽ ከተሻለ በኋላ መልሶ ጠበብ ሊል ይችላል። ጥቁር ቅርፊት የመሰለ የሞተ ሥጋና ትንሽ ደም ያለበት አክታ ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የመልስ ትኬት አትቁረጡ። የማይጠበቁት እነዚህ ናቸው። በአንዴ ከአንድ ማንኪያ በላይ ትኩስ ደም። ድንገተኛ የደረት ውጋትና መታፈን። አንገት ላይ ቆዳው አብጦ ሲነካ ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር። ትኩሳት። ምላስ መያዝ ወይም ባንድ ወገን እጅና እግር መዛል። ውሃ በጠጡ ቁጥር ማሳል፤ ይህ ከቀናትም ከሳምንታትም በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ወደ ጉሮሮ መበሳቱን ስለሚያመለክት ምግብና ውሃ አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። የአየር ቱቦ ስቴንት ተቀምጦላቸው ከሆነ አክታ ይደርቅበታል። የጨው ውሃ እንፋሎት በቀን ብዙ ጊዜ ይሰጣቸው። ወረቀቱ ላይ ስቴንት እንዳለ ይጻፍ፤ ሌላ ቀን ቱቦ የሚያስገባ ሐኪም ማወቅ አለበት።

የመልሱ በረራ ላይ ልጨርስ፤ ለእኛ ሰው የተለየ ነገር አለው። ባንኮክ ባሕር ጠለል ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። የአውሮፕላን ውስጥ አየርም ቢበዛ ከ2,438 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ሁለቱም ቦታ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ 15 በመቶ ኦክስጅን እንደመተንፈስ ነው። ስለዚህ ባንኮክ ሆስፒታል አልጋ ላይ 93 ያለ የጣት መለኪያ አውሮፕላን ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ቦሌ ሲወርዱም አያገግምም። አንድ ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ደህና ከነበረ በረራው እምብዛም አይከብደውም። አባትሽ ግን ባሕር ጠለል ላይ ብዙ ቀን ቆይተው ነው የሚወጡት። ከመውጣታቸው በፊት በዝቅተኛ ኦክስጅን የሚደረገውን ፈተና እንዲሠሩላቸው ጠይቂ። ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል ከተባለ ለአየር መንገዱ ቀድሞ የሚሞላ የሕክምና ቅጽ አለ። ቤትም ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ መሣሪያ) ተገዝቶ ወይም ተከራይቶ ይጠብቃቸው። በሕክምናው ሳንባቸው አየር አፍስሶ ኒሞቶራክስ ከነበረ በኤክስሬይ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ከታየ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት አይብረሩ፤ ሁለት ሳምንት የሚሉም አሉ። ክሎፒዶግሬሉን የልብ ሐኪሙ በጻፉት ቀን መልሰው ይጀምሩ፤ ከመሳፈራቸው በፊት ያንን ወረቀት እንደገና አውጥተሽ እዪው።